የነጩ ሻሽ ቋጠሮ

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ የሞቱት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ቀኝ እጃቸው የሸሚዛቸውን አንገት ጨምድዶ ይዟል፤ የላይኛው ቁልፍ ተበጥሶ ወለሉ ላይ ወድቋል። ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ቁልፍ ሲተክሉ የኖሩ ሰው በመጨረሻው ሰዓት የራሳቸውን በጠሱ። ከወንበሩ ሥር፣ በአፍ እየተነፋ የሚሳበው የአስም መድኃኒታቸው ተጋድሟል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ከምሳ በኋላ ሳይጠጡት የማይውሉት የዝንጅብል ሻይ ግማሹ ተጠጥቶ ቀዝቅዟል።

መርማሪዋ ደፉን ሳታልፍ ክፍሉን ከላይ እስከ ታች ቃኘችው። ወፈር ያለች፣ ጠፍጣፋ ጫማ የምታዘወትር፣ ሃምሳን የተጠጋች ሴት ናት። ባልደረቦቿ «እልኸኛዋ» ይሏታል። መጀመሪያ በሌለችበት ነበር የሚሏት፤ አንድ ቀን ሰምታ «እሺ፣ ሌላስ ምን ትላላችሁ?» ብላ ስትስቅባቸው በፊቷም ይጠሯት ጀመር።

«ግልጽ ነው» አሉ አለቃዋ በሩን ተደግፈው። «አስም ነበረባቸው። አስሙ ተነሳ፤ ሞቱ። ዝጊውና እንሂድ።»

እሷ ገብታ ጎንበስ ብላ መድኃኒቱን በመሐረብ አነሳችው። ነቀነቀችው፤ ውስጡ አለ። ጫን ስትለው እፍፍ አለ።

«አላለቀም» አለች። «ክዳኑ ተከፍቷል፤ ነፍተውታል ማለት ነው። ታዲያ ለምን አልሠራም?»

«ቀን የጎደለበት ሰው ምን ይሠራለታል?»

«እሱን ለለቀስተኛ ይንገሩት፣ ጌታዬ።» ኩባያውን ዘንበል አድርጋ አየችው። የዝንጅብሉ አተላ ቢጫ ነው፤ ከቢጫው ላይ ግን እንደ ኖራ የነጣ ነገር ተጋግሯል። «ዝንጅብል ነጭ አተላ አለው እንዴ?»

አለቃው ሰዓታቸውን አዩ። ኩባያው ታሽጎ ወደ ላቦራቶሪ ሄደ።

ቤቱ የስፌት ቤት ነው። ከፊት መንገዱን የሚያይ ሱቅ፣ ከኋላው ግቢ። በግቢው በአንድ ወገን የስፌት ክፍሉ፣ ማብሰያ ቤቱና የሟቹ ክፍል ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ትይዩ የካውያ ክፍሉ አለ። ጥግ ላይ ጥቅል ጨርቅ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ተሸጉጧል። ሰዎቹም ጥቂት ናቸው። የሟቹ ሴት ልጅ፣ ቤቱ ሁሉ «እትዬ» የሚላት፤ ወንድ ልጃቸው፤ የእሱ ሚስት፣ ጥልፍ የምትጠልፈው ምራታቸው፤ ቆራጩ፤ ካውያ የሚተኩሱት አዛውንት። ሌላ ሰው ከምሳ በኋላ ግቢው ውስጥ አልገባም።

ካውያ ተኳሹ ከሁሉም ቀድመው መጡ። ውሸት የሚያውቅ ፊት የላቸውም።

«እኔ ያየሁትን ነው የምናገር፣ ኢንስፔክተር። ሸሚዝ እየተኮስኩ በመስኮት አየኋት። ሰማያዊ ጋውኗን ለብሳለች። ራሷን በነጩ ሻሽ ጥርቅም አድርጋ አስራለች። ኩባያ ይዛ ከማብሰያ ቤት ወደ ቤቱ ባለቤት ክፍል ገባች።»

«ማን?»

«ምራቲቱ ናታ! ራስ ምታተኛዋ።»

«ፊቷን አይተዋል፣ አባባ?»

«እንፋሎቱ መቼ ያሳያል? መስኮቴ ሁልጊዜ እንደ ላበው ሰው ነው። ሻሹን ግን አየሁት። በዚህ ቤት ራሱን አስሮ የሚዞር ሌላ በሽተኛ አለ እንዴ?»

መርማሪዋ አመስግና ሸኘቻቸው። አንድ ቃል አልዋሹም። ያስጨነቃትም ይኸው ነው፤ ውሸታምን ማፋጠጥ ይቻላል፣ ያየውን የሚናገርን ሰው ግን ምን ታደርገዋለህ?

እትዬ በስፌት ክፍሉ ውስጥ እያለቀሰችም እየተቆጣችም ጠበቀቻት።

«ምን ምርመራ ያስፈልጋል? ያ ሰውዬ አይቷታል! ትናንት አባባ ሁላችንንም ሰብስበው ‹የቤቱ ቁልፍ ለምራቴ ነው፤ ይህ ቤት የቆመው በእሷ መርፌ ነው› አሉ። የአብራካቸው ክፋዮች ቆመን! ዛሬ ጠዋት ደግሞ ራሴን አመመኝ ብላ ልትነሳ ስትል ‹ዛሬ ሥራ ትተሽ ከተኛሽ ቃሌን አነሳለሁ› አሏት። ሳያነሱ ቀደመቻቸው።»

«እርስዎስ ቁልፉ ለእሷ ሲባል ምን አሉ?»

«እኔማ ጮህኩ! እኔ የሆዴን በሆዴ አልይዝም። ወንድሜ ነው አንገቱን ደፍቶ ዝም ያለው፤ እሱማ በሚስቱ ላይ ምን አፍ አለው።» ክብ መወጠሪያ ላይ የተወጠረ ጨርቅ አንስታ ፊቷ ላይ ዘረጋችባት። «ይኸውልዎት የዛሬ ሥራዋ! ሥራ ሲበዛ ነው የሚያማት። አልሠራም ማለት ስታፍር አበላሽታው ሄደች።»

መርማሪዋ ጨርቁን ወደ ብርሃን አዞረችው። የአበባ ጥልፍ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ቅጠልና ግንድ የታተመ ይመስላል፤ አንድ ክር አልዘለለም። የግራው ግን ሌላ ነው። መርፌው በእርሳስ የተሳለውን መስመር ስቶ ባዶው ጨርቅ ላይ ተንከራቷል። አንዲት ቅጠል ከግንዷ ተለይታ ብቻዋን ቀርታለች።

«ማበላሸት የፈለገ ሰው» አለች ለራሷ ያህል «ግማሹን ብቻ ለምን ያበላሻል?»

«ምን አሉኝ?»

«ጨርቁን እወስደዋለሁ አልኩ።»

ከስፌት ክፍሉ በር ኋላ የጋውንና የሻሽ መስቀያ አለ። ጋውኑ በቦታው ተሰቅሏል። ሻሹን ያገኘችው የቆሸሸ ልብስ ከሚጣልበት ቅርጫት ውስጥ ነው። የተቋጠረው አልተፈታም፤ አንድ ሰው እንዳሰረው ከራሱ ላይ አውልቆ እንደ ቀለበት ወርውሮታል። ቋጠሮውን ሳትነካ አሸገችው።

ዕቃ ቤቱ ጨለማ ነው። መስኮቱ በጥቁር ገበር ተጋርዷል። መርማሪዋ ገብታ በሩን ስትመልሰው የማጠፊያው ሲጥታ ከውስጥ ማቃሰት አስነሳ። ምራቲቱ ወለሉ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ትራሱ ወዲያ ተወርውሯል፤ ብዙ ፀጉሯ ተፈትቶ ወለሉን ሞልቶታል። አጠገቧ ባልዲ አለ። ያስመለሰችው ውስጥ አንድ ክኒን ምንም ሳይሟሟ ይታያል።

መርማሪዋ ተንበርክካ ፀጉሩን ከፊቷ ላይ ልታነሳላት እጇን ስትዘረጋ ልጅቷ እንደተቃጠለ ሰው ሸሸች።

«አይንኩኝ! ፀጉሬ ራሱ ያመኛል።» ድምጿ ሹክሹክታ ነው፤ ግን አልተሰበረም። «ፖሊስ ነዎት። አባባን ገደለች እያሉ ነው አይደል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ግድግዳው ስስ ነው። እትዬ ደግሞ ስታለቅስም በጩኸት ነው።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ፣ እህቴ?»

«ምንም። ሲያመኝ ‹አላመማትም› የምባል ሴት አልገደልኩም ብል ማን ሊያምነኝ? አልለምንም። ከፈለጉ እጄን ይሰሩኝ። መብራቱን ግን አያብሩብኝ።»

መርማሪዋ በጨለማው ውስጥ ፈገግ አለች። ሰው ቶሎ አትወድም፤ ይህችን ግን ወደደቻት።

«ልመና እኔም አልወድም። ጥያቄ ብቻ ነው የያዝኩት። ህመሙ ዛሬ እንዴት ጀመረሽ?»

«ጠዋት ስጠልፍ በግራ በኩል ብልጭልጭ አለብኝ፤ እንደ ተሰባበረ መስታወት። ከዚያ የጨርቁ ግማሽ ጠፋ። አባባ ቃሌን አነሳለሁ ሲሉኝ እልህ ያዘኝና በዳበሳ ሰፋሁ። ብልጭታው ሲለቀኝ መዶሻው ገባ። የህመም ማስታገሻ ክኒኔን ዋጥኩ፤ ዘግይቼ ነበር። መጥቼ ወደቅኩ።»

«ሻሽሽስ?»

«ከበሩ ኋላ ነው። ደህና ስሆን ነው የማስረው፤ ፀጉሬ ጥልፉ ላይ እንዳይወድቅ።»

«ከተኛሽ ወዲህ ማን ገባ?»

«እትዬ። መብራት አብርታ ‹ተነሺ አንቺ አስመሳይ› አለችኝ። እሷማ ባመመኝ ቁጥር ሳትሰድበኝ አትውልም።»

«ባልሽስ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያመማት መስሏት መርማሪዋ ጠበቀቻት።

«ባሌ የታመመ ሰው ማየት አይወድም» አለች በመጨረሻ።

ባልየው ሱቁ ውስጥ ነበር። ቀጠን ያለ፣ ፀጉሩን እስከ ቆዳው የተላጨ፣ አንደበቱ ለስላሳ ሰው ነው። በጨርቅ የተሰፋ ቆንጆ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል።

«አባቴን አጣሁ፤ ሚስቴን ደግሞ ልትወስዱብኝ ነው» አለ። «አትፍረዱባት፣ ኢንስፔክተር። ሲያማት የምታደርገውን አታውቅም። እኔ ነኝ የማያት። ራሷን በዚያ ነጭ ሻሽ ጥርቅም አድርጌ የማስርላት እኔ ነኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ።»

«ዛሬም አሰርክላት?»

«ዛሬ ሱቁን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም። ራሷ ሳትሆን አትቀርም ያሰረችው።»

«የምትውጠውን መድኃኒት ታውቀዋለህ?»

«እኔ ከመድኃኒት ጋር ምን አለኝ? ራሷ ናት የምታመጣው።»

«ሚስትህን ትወዳለህ» አለችው።

«በጣም» አለ ኮፍያውን እየጨመቀ።

ቆራጩ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ሳቁም ትልቅ የሆነ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን አልሳቀም። ከምሳ በኋላ የአንዲት ደንበኛ ልክ ሲወስድ እንደነበር ነገራት፤ ደንበኛዋም በስልክ አረጋገጠች። ከሴትየዋ አጠገብ አልተለየም።

«የሟቹ ልጅም ከናንተ ጋር ነበር?»

«ነበር። መሀል ላይ ክር ላምጣ ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ።»

«ክሩን አመጣ?»

ቆራጩ ጆሮውን አከከ። «አሁን ሲሉኝ... ባዶ እጁን ነው የመጣ መሰለኝ።»

በማግስቱ የላቦራቶሪው ወረቀት መጣ። በኩባያው አተላም በሟቹ ደምም ውስጥ የተገኘው ፕሮፕራኖሎል የሚባል መድኃኒት ነው። ምራቲቱ ማይግሬኗ እንዳይነሳባት በየቀኑ የምትውጠው፣ ስፌት ክፍሉ ውስጥ በልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮ የምታኖረው መድኃኒት።

«አለቀ» አሉ አለቃው። «መድኃኒቱ የሷ፣ ሻሹ የሷ፣ ቁልፉም የሷ። ይዘሻት ነይ።»

«አልይዛትም።»

«ምን አልሽ?»

«እስከ ማታ አልይዛትም። አንዴ ታሳሪ ከተባለች ፍርድ ቤት እስክትቀርብ በእስር ቤቱ ጩኸትና መብራት ውስጥ ትከርማለች። በዚያ ላይ ሁሉም ጣቱን አንድ ሰው ላይ ሲቀስር እኔ ጣቶቹን ነው የማየው።»

«እልህሽ አንድ ቀን ሥራሽን ያሳጣሻል።»

«እስከ ማታ ካልገባዎት የኔን ወንበር ለሌላ ይስጡት» ብላ ወጣች።

በቀጥታ የሄደችው የነርቭ ሐኪም ዘንድ ነው። ሐኪሙ ሲያስረዱ እጃቸው አያርፍም።

«ሰው ‹ራስ ምታት ነው› ይልና ያልፋል፤ ማይግሬን ግን የአንጎል በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ በዘር ይመጣል። ቶሎ የሚደነግጥ አንጎል በይው። እንቅልፍ ሲያንሰው፣ ምግብ ሲዘገይበት፣ ጭንቀት ሲበዛበት ይነሳል። አንዳንዱ ላይ መጀመሪያ ከአንጎል ኋላ በኩል ቀስ ያለ ሞገድ ይጓዛል። ያኔ ዓይን ሳይታመም እይታ ይታመማል፤ ብልጭታ ይመጣል፣ የሚያየው ነገር ግማሹ ይጠፋል። ከዚያ የፊትና የራስን ስሜት የሚያመላልሰው ነርቭ ይቆጣል። በሚረጨው ንጥረ ነገር የተነሳ አንጎልን በሸፈነው ስስ ልባስ ላይ ያሉት የደም ሥሮች ያብጣሉ። ልብ በመታ ቁጥር እንደ መዶሻ ነው።»

«ጨጓራስ?»

«እሱም ይቆማል! ስለዚህ ዘግይቶ የተዋጠ ክኒን እዚያው ይቀመጣል፤ ሳይሟሟም ሊመለስ ይችላል።»

«ራስን ማሰርስ? ሰው ሲያመው ያስራል።»

«ያስራል፤ የሚቀለውም አለ። አንዳንዱ ግን ቆዳው ራሱ ይታመማል። ማበጠሪያ አይችልም፣ መነጽር አይችልም፣ ትራስ አይችልም። እንዲህ ያለውን ሰው ራሱን ማሰር ቁስል ላይ መቀመጥ ነው።»

ያልተሟሟውን ክኒን ነገረቻቸው፤ ጥልፉን አሳየቻቸው። ሐኪሙ መነጽራቸውን ገፍተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህን ስትሠራ የግራ ዓለሟ ጠፍቶባት ነበር» አሉ። «እንዲህ አድርጎ የሚያስመስል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ማስመሰል የሚፈልግ ያቃስታል እንጂ ግማሽ አበባ አይጠልፍም።»

«የመጨረሻ ጥያቄ። ፕሮፕራኖሎል አስም ያለበትን ሰው ምን ያደርገዋል?»

ሐኪሙ እጃቸውን ዘረጉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸው ዝም አለ። «ለማይግሬን መከላከያ ጥሩ ነው። ለአስም ግን የተከለከለ ነው። የሳንባን ቧንቧ ያጠባል። ይባስ ብሎ በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት የሚሠራበትን በር ይቆልፋል። ሰውየው ይነፋል፣ ይነፋል፤ አይከፈትለትም።»

መርማሪዋ የተበጠሰው ቁልፍ ትዝ አላት። ስትመለስ መንገዱ ጥግ ያለው መድኃኒት ቤት ገብታ ባለሙያዋን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት። መልሱን ስትሰማ አልተገረመችም። «አመሻሽ ላይ ስፌት ቤቱ ድረስ ትመጪልኛለሽ» አለቻት።

አመሻሹ ላይ ሁሉም በስፌት ክፍሉ ተሰበሰቡ። አለቃው በሩ ላይ ቆመዋል። መርማሪዋ መጀመሪያ መጋረጃውን ግማሽ ድረስ ዘጋችው፤ ምራቲቱ ህመሙ ቢለቃትም ፊቷ አሁንም አመድ መስሏል።

«ምነው በጨለማ?» አለች እትዬ።

«የታመመ ሰው አለ፤ ዝቅ ብለውም ይናገሩ» አለቻት መርማሪዋ። ጥልፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ከዚህ እንጀምር። እትዬ፣ ይህ በእልህ የተበላሸ ነው ብለውኛል። እልህማ አለበት፤ ግን ለመሥራት እንጂ ላለመሥራት አይደለም። ይህች ሴት ስትጠልፍ ዓይኗ የግራውን ወገን ከለከላት። ስለዚህ ቀኙ ቀጥ አለ፣ ግራው ተንከራተተ። ማይግሬኑ እውነት ነው፤ የጀመራትም ጠዋት ነው። ባልዲው ውስጥ የወጣው ክኒን ደግሞ ከሰዓት በኋላም እንዳልለቀቃት ይናገራል።»

«ታዲያ ራሷን አስራ አየኋት እኮ!» አሉ ካውያ ተኳሹ።

«እዚያ ነው የምደርሰው፣ አባባ። እርስዎ ያዩት ጋውንና ሻሽ ነው፤ ሴትየዋን ጭንቅላትዎ ነው የጨመረው። ሰው ሲሞትብን፣ ስናዝን፣ ራስ ሲያመን ራሳችንን እንደምናስር እናውቃለን። ገዳዩም ያወቀው ይህንኑ ነው። ‹ራስ ምታተኛ ማለት ራሱን ያሰረ ነው› ብሎ ሻሹን ጥርቅም አድርጎ፣ እንዲታይ ብሎ በመስኮትዎ ፊት አለፈ። ይህች ሴት ግን ሲያማት ፀጉሯን ትፈታለች፤ ትራስ እንኳ ትወረውራለች። በታመመችበት ሰዓት ያንን ሻሽ ማሰር አትችልም። ስለዚህ ያዩት እሷ አይደለችም።»

አለቃው ከበሩ ራቅ ብለው ቀረቡ።

«እንግዲህ ገዳዩ ሁለት ነገር አለው» ቀጠለች። «አንደኛ፣ መድኃኒቷ ለአስም መርዝ እንደሆነ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ስትታመም አይቷት አያውቅም። እትዬ፣ እርስዎ ነዎት ብዬ ተጠራጥሬ ነበር፤ ምላስዎ ለዚህ ያበቃል።»

«ኧረ በስማም!»

«ነፃ ያወጣዎትም ያው ምላስዎ ነው። ባመማት ቁጥር መብራት እያበሩ ሲሰድቧት ፀጉሯ ምን ይመስል ነበር?»

እትዬ አፏን ከፍታ ቀረች። «የተፈታ» አለች ቀስ ብላ። «ሁልጊዜ የተፈታ። ‹እንደ እብድ ተዘርግታ› ነበር የምላት።»

«እርስዎ እሷን መምሰል ቢፈልጉ ሻሽ አያስሩም ነበር። ቆራጩ ከደንበኛዋ አልተለየም። ካውያ ተኳሹ ሸሚዙን እየተኮሱ ነበር፤ ሸሚዙም አልቆ ተሰቅሏል። አንድ ሰው ብቻ ‹ክር ላምጣ› ብሎ ወጥቶ ያለ ክር ተመለሰ።»

ባልየው ሳቅ ለማለት ሞከረ። «እኔን ነው? ሻሹን የማስርላት እኔ ነኝ ብዬዎት የለ? ሲያማት አጠገቧ የምቀመጠው...»

«መቼ?» አለች ምራቲቱ።

ድምጿ ከፍ አላለም። ሁሉም ግን ዞረ።

«መቼ ነው ያሰርክልኝ? አንድ ቀን ንገረኝ።»

«የኔ ቆንጆ፣ ሲያምሽ አታስታውሺም እንጂ...»

«ሁሉንም አስታውሳለሁ። በሩ ሲከፈት የእህትህን ጫማ ነው የምሰማው። ያንተን ኮቴ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ የታሸገውን ሻሽ አወጣች። «ቋጠሮው አልተፈታም። የቸኮለ ሰው እንደ ቀለበት አውልቆ ጣለው። ቆራጩ፣ ሜትርህን አምጣና ዙሪያውን ለካልኝ።»

ቆራጩ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ሻሹን በጥንቃቄ ለካ። ቁጥሩን ሲያይ እጁ ቆመ።

«ይህ በእሷ ፀጉር ላይ አያልፍም» አለ። «በኔ ጭንቅላት ላይማ ጆሮዬ ላይ ነው የሚቀር።»

«የሟቹን ልጅ ራስ ለካው።»

«አያስፈልገኝም፣ ኢንስፔክተር።» ቆራጩ ዓይኑን አላነሳም። «ኮፍያውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ልኩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ያው ነው።»

«የብዙ ሰው ራስ ልክ አንድ ነው!» ባልየው ጮኸ። «ደግሞ መድኃኒት ምን እንደሚያደርግ እኔ የት አውቄ?»

መድኃኒት ባለሙያዋ ከኋላ ተነሳች። «መድኃኒቷን ሁልጊዜ የምትወስድላት አንተ ነህ። ‹ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው እንዳይነካው› ብዬህ ‹አባቴ አለበት› ስትለኝ ‹እንግዲያው ከሳቸው አርቀው› አላልኩህም? ሁለት ጊዜ ደጋግመህ ጠየቅኸኝ። የተጠነቀቅክ መስሎኝ ወደድኩህ።»

ባልየው ኮፍያውን መሬት ላይ ወረወረው። ለስላሳው አንደበት ያኔ ተቀደደ።

«ለእሷ! ቁልፉን ለእሷ! እኔ ልጁ ቆሜ፣ ወሩን ግማሽ ተኝታ ለምትውል ሴት! አባቴ ዓይኔን እያየ ‹እጅህ መርፌ አይዝም› አለኝ። እሷ ብትታሰር ቤቱ ለማን ይሆን ነበር? ለኔ ነው! የኔ ነው!»

ፖሊሶቹ ሲይዙት ምራቲቱ ተነስታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ጠረጴዛውን በአንድ እጇ ይዛለች፤ ማዞሩ ገና አለቀቃትም።

«አንድ ቀን» አለችው «አንድ ቀን ብቻ በሩን ከፍተህ ‹እንዴት ነሽ?› ብትለኝ ኖሮ እንዴት እንደምተኛ ታውቅ ነበር። ያኔ ማንም አይይዝህም ነበር። የያዘህ ህመሜ ነው፤ የለም ያልከው ህመሜ።»

ወሰዱት።

አለቃው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ወንበርሽን ለማንም አልሰጥም» አሏት መርማሪዋን።

«አውቃለሁ፤ ማንም አይቀመጥበትም። እግሩ ይነቃነቃል።»

እትዬ ጥልፉ አጠገብ ቆማ ቀረች። እንዴት ይቅርታ እንደሚባል አታውቅበትም፤ ስለዚህ መቀስና መርፌ አነሳች።

«ግራውን ልፍታልሽ» አለች። «ከፈታሁልሽ በኋላ እንደገና ትሠሪዋለሽ። ማንም አያውቅም።»

«አትንኪው፣ እትዬ።»

«ጠማማ ነው እኮ! በዚህ ቤት ጠማማ ሥራ ወጥቶ አያውቅም። አባባ ቢያዩት...»

«አባባ ቁልፉን ሰጥተውኛል። ጠማማ ይሁን አልኩ፤ ይሁን።» ጨርቁን ከእትዬ እጅ ወስዳ ለመርማሪዋ አቀበለቻት። «ለፍርድ ቤቱ ያሳዩት። ሲያልቅ ግን ይመልሱልኝ። ሱቁ ውስጥ፣ የሚገባው ሰው ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ነው የምሰቅለው።»

«ሰው ሲጠይቅሽስ ምን ትያለሽ?» አለች መርማሪዋ።

«ስታመም የሠራሁት ነው እላለሁ። የማያምን ካለ» አለች፤ ሻሽ ያልታሰረበትን ፀጉሯን በጣቷ ወደ ኋላ እያደረገች «ልኩን ወስደን ልብሱን ሌላ ቤት ያሰፋ እንለዋለን።»